የትኛውን ሚስ አደረግሽኝ?

ድሬዳዋ፣ ሐምሌ 12 ቀን

ለልጄ፣

ለጤናሽ እንደምን ሰንብተሻል? ቁስልሽ ጠግጓል ወይ? ሕፃኗስ ደህና ትጠባለች ወይ? ግሩምስ ሥራውን ጀመረ? እኔን ከድሬ ሙቀትና ከራሴ በቀር የሚያስቸግረኝ የለም። የደቻቱ ወንዝ ባለፈው ሳምንት ሞልቶ ወርዷል፤ ቤቱን አልነካውም።

በእጄ የጻፍኩልሽ የስልኩን ነገር ስላበላሸሁት ነው። የጎረቤታችን የሱሀይራ ወንድም ኸባብ ጭነት ይዞ ወደ ሐዋሳ ስለሚመጣ ደብዳቤውን እሱ ያደርስልሻል። የምጠይቅሽ አንድ ነገር ነው። ተማሪዎቼን «ጥያቄያችሁን መጀመሪያ ጻፉ፣ አትዘብዝቡ» ስለምላቸው እኔም መጀመሪያ እጽፈዋለሁ። ሕፃኗ ሐምሌ 24 ሰማንያ ቀን ይሞላታል። ክርስትና ስትነሳ እንድገኝ ትፈቅጂልኛለሽ ወይ? ከዚህ በታች ያለው ሁሉ፣ አያት የሆነ ሰው ለምን ፈቃድ መጠየቅ እንዳስፈለገው ነው።

እናትሽ ካረፈች በኋላ የጠዋቱን ጥሪ ያመጣሽው አንቺ ነበርሽ። «አባዬ፣ ስልክ ማውራት እንደማትወድ አውቃለሁ። ጠዋት ጠዋት ሚስ ኮል ብቻ አድርግልኝ፤ መነሳትህን ልወቅ» አልሽኝ። ሕጉን አብረን አወጣነው። አንድ ሰዓት ላይ እኔ ሁለት ጊዜ አስጩኼ እዘጋለሁ፤ አንቺ አንድ ጊዜ አስጩኸሽ ትመልሻለሽ፤ ማንም አያነሳም። ሦስት ዓመት ሙሉ አንድ ቀን አላዛነፍኩም። እውነቱን ልንገርሽ፤ በዚህ ቤት ውስጥ ለእኔ ተብሎ የሚሰማ ድምፅ ያቺ የአንቺ አንድ ጥሪ ብቻ ነበረች። እሷን ሳልሰማ ሻይ አልጥድም ነበር።

ሚያዝያ መጨረሻ ላይ «አባዬ በጣም ሚስ አድርጌሃለሁ» የሚል መልእክት ላክሽልኝ። ያን ቀን ክፍል ውስጥ ከዚሁ ቃል ጋር ስታገል ነበር የዋልኩት። ኢዲል የምትባል የጀልዴሳ ልጅ በእንግሊዝኛ ድርሰቷ ላይ ፍየሏን ሚስ እንዳደረገቻት ጻፈች። ጠፍታባት ከሆነ ቃሉ ሌላ ነው ብዬ በቀይ አረምኩት። «ቲቸር፣ ጠፋች። ግን ደግሞ ናፈቀችኝ። ሁለቱንም ነው የጻፍኩት» አለችኝ። ክፍሉ በሳቅ አወካ። አንድ ቃል ለሁለት ሥራ አይቀጠርም ብዬ ዜሮ ሰጠኋት። ዋሸኋት። ያ ቃል ለስንት ሥራ እንደተቀጠረ በትምህርት ቤታችን ከእኔ በላይ የሚያውቅ የለም።

ቤት ገብቼ ለአንቺ የመለስኩትን በቃሌ ይዤዋለሁ። አውቶቡስ ያመለጠው ሰው ሚስ አደረገ ይባላል፤ ዒላማ የሳተም ሚስ አደረገ፤ ከክፍል የቀረም ሚስ አደረገ፤ ያላገባች ሴት ሚስ ናት፤ አንቺንም እነዚያ ሕፃናት ተማሪዎችሽ ሚስ ይሉሻል፤ ከአንድ ነገር ላይ የጎደለውም በዚያው ቃል ይጠራል። እናትሽ «ናፈቅኸኝ» የሚል ሙሉ ቃል አስተምራሽ ሳለ ይህን ሁሉ ኮተት ምን አሸከመሽ? የትኛውን ሚስ አደረግሽኝ? ብዬ ጻፍኩ። አንቺም «እሺ ቲቸር» ብለሽ መለስሽ።

ሃያ ዘጠኝ ዓመት ቲቸር ተብያለሁ፤ እንደዚያ ቀን አሞኝ አያውቅም። በዚህ ዓለም አባዬ የሚለኝ ሰው አንድ ብቻ ነው።

ከዚያ በኋላም በሕጋችን መሠረት ጠዋት ጠዋት ተደዋወልን። እኔ ግን እየተቆጣሁ ነበር የምደውለው። ቁጣ በሁለት ጥሪ ውስጥ ይሰማ እንደሆነ አላውቅም።

ከግንቦት 5 ጀምሮ መልስሽ ቆመ። አኩርፋለች፣ ሲወጣላት ትመለሳለች ብዬ ተቀመጥኩ። በስምንተኛው ቀን ሱሀይራ ከምትነግድበት ከቀፊራ ገበያ ስትመለስ ዘንቢሏን እንኳ ሳታስቀምጥ ገባች። «አቦ፣ አንተ ሰውዬ ድንጋይ ነህ?» አለችኝ። ታውቂያታለሽ፤ ለእኔም ለዳኛም «አንተ» ነው የምትለው። «ልጅህ በኦፕራሲዮን ወልዳ፣ አንተ እዚህ ቀይ እስክሪብቶ ታሾራለህ?» እንዳትነግረኝ አስምለሻት እንደነበረና መሐላዋን እንዳፈረሰች፣ አላህ ይቅር ካላላት በእኔ እንደምታሳብብ ነገረችኝ።

ከእሷ ነው የሰማሁት። ጊዜሽ ሳይደርስ ደም ግፊትሽ መጨመሩን፣ ግሩም ደም የሚለግስ ሰው ፍለጋ መሮጡን፣ አንቺ የሆስፒታል አልጋ ላይ ብቻሽን ሆነሽ ሦስት ጊዜ ለእኔ መደወልሽን። እኔ ስጠፋ ለእሷ ደወልሽ። ገበያተኛዋን ትታ ከጆንያ ኋላ ተቀምጣ፣ እስኪወስዱሽ ድረስ የሽንኩርት ዋጋ ሳይቀር እያወራች አቆየችሽ። የእኔን ሥራ እሷ ሠራችው።

«ስልክህ የት ነበር?» አለችኝ። ጓዳ ረስቼው ነው አልኳት። ለአንቺም በግሩም በኩል ያንኑ ላክሁ።

ውሸት ነው። ፈረቃዬ የከሰዓት ስለነበር ግንቦት 5 ጠዋት ቤት ተቀምጬ ወረቀት አርም ነበር። ስልኩ ከወረቀቶቹ አናት ላይ ነበር። መጀመሪያ ሲጮህ፣ ሕጉ አይነሳም ይላል አልኩ፤ ጊዜው አምስት ሰዓት መሆኑን እያየሁ። ሁለተኛ ሲጮህ፣ ይቅርታ ልትጠይቀኝ ነው፣ ትንሽ ትጠብቅ አልኩ። ሦስተኛ ሲጮህ ስልኩን ገልብጬ አስቀመጥኩት። ከተገለበጠም በኋላ ጠረጴዛውን ሲያንቀጠቅጠው እጄን ላዩ ላይ አድርጌ ነበር።

አየሽ፣ ስልክሽ አላመለጠኝም። ያመለጠው ሰው ሌላ ነው፤ እሱ ይታዘንለታል።

እዚህ ላይ፣ ግሩም ለምን ራሱ አልደወለልኝም፣ አታንሳ የሚለውንስ ሕግ ያመጣሽው አንቺ አይደለሽም ወይ እያልኩ አንድ ሙሉ ገጽ ጽፌ ነበር። መልሼ ሳነበው አንድም የሰዋስው ስሕተት የለበትም። ቀደድኩት።

ወሬውን ከሰማሁ በኋላ አምስት ጊዜ ደወልኩ። ግሩም ነው የሚያነሳው። አራት ጊዜ «አባባ፣ ተኝታለች» አለኝ። በአምስተኛው «አባባ፣ ነቅታለች፤ ግን…» አለኝ። ጨዋ ልጅ ነው፤ በሠርጋችሁ ጊዜ ስለ እሱ የተናገርኩትን ክፉ ቃል አንስቻለሁ። ከዚያ ወዲህ አልደወልኩም። አንድ ሰዓት ሲሆን እቤት መቀመጥ ስለማልችል ቀደም ብዬ ወጥቼ እስከ ድልድዩ ሄጄ እመለሳለሁ። ባጃጆቹ አውቀውኛል፤ ተሳፈር ማለት ትተዋል።

ከፈቀድሽልኝ ለኸባብ «ይምጣ» በይው፤ ይበቃል። ሁለት ቀን ቀድሜ እሳፈራለሁ። ማረፊያ ራሴ እፈልጋለሁ፤ ቤተ ክርስቲያን ውስጥም ከሰው ኋላ እቆማለሁ። ማንንም አላርምም፤ ቄሱ እንኳ ቢሳሳቱ ዝም እላለሁ። ካልፈቀድሽ ለኸባብ ምንም አትበይው። ባዶ እጁን ሲመለስ ይገባኛል፤ አልቆጣምም።

ሱሀይራ ያን ቀን የሕፃኗን ስም ልትነግረኝ አፏን ስትከፍት «ተይ!» ብዬ ጮኽኩባት። «ደግሞ በስሟም ልትጣላ ነው?» አለችኝ። አይደለም። ከሌላ ሰው አፍ ልሰማው ስላልፈለግሁ ነው። ግሩምንም አልጠየቅሁትም። እስከ ዛሬ አላውቀውም። ስጸልይ የእናትሽን ስም እጠራለሁ፣ የአንቺን እጠራለሁ፣ የግሩምን እጠራለሁ፤ እሷ ጋ ስደርስ ቆም እልና፣ አንተ ታውቃታለህ ብዬ አልፋለሁ።

እግዚአብሔር አካልሽን ይጠግንልሽ። ጡትሽ አይንጠፍ፣ እንቅልፍሽ ሙሉ ይሁን። ግሩምን ከደጅ በሰላም ያግባልሽ። ቤታችሁ ስልክ የሚያነሳ ሰው አይጣ። ልጅሽንም ስሟን ጠርቼ እንድመርቃት ያብቃኝ።

አባትሽ