ሽቦው የማን ነው?

አቦይ፣ አባቴ፣ ናፍቆቴ፣

ሙት ዓመትህ ሊደርስ ነው። እስከ ዛሬ በልቤ እንጂ በወረቀት አልጻፍኩልህም። ዛሬ እሑድ ነው፤ ነገ ጠዋት ራዲዮህን ይዤ ፖሊስ ጣቢያ እንድቀርብ ታዝዣለሁ። በቋንቋችን ሳይሆን በአማርኛ የምጽፍልህ ይህንንም ወረቀት አብሬ ስለምወስደው ነው፤ አስተርጓሚ አጣን እንዳይሉ። ትግርኛን ከክፍላችን አስወጥተው ያስተማሩኝን ቋንቋ ይኸው አሳምሬ ችዬዋለሁ።

ቤቱ ያው ነው፤ ሰፈራችን ቪላጆ ጀኒዮም ያው ነው። ማኪና በራችን ሲያልፍ ፍጥነቱን ከቀነሰ ግን ብዕሬ ይቆማል። አሁንም አንድ አለፈ። የዳቦ ማኪና ነው።

ባለፈው ወር ፖሊሶች መጥተው ከጣሪያችን እስከ ጎረቤት ጥድ የዘረጋኸውን ሽቦ ቆርጠው ወሰዱት። ለሽፍቶች መልእክት ታስተላልፋላችሁ ተባልን። አንቴና ነው፣ ይሰማል እንጂ አይናገርም ብዬ አስረዳሁ። አንደኛው «የሚሰማ ሁሉ አንድ ቀን ይናገራል» አለኝና በራሱ ቀልድ ሳቀ። ከከተማው ጫፍ ፈረንጆቹ ያቆሙት የሽቦ ደን ቀን ከሌት ዓለምን ሲያዳምጥ ማንም ለምን አላላቸውም። አገር የምታፈርሰው የእኛ አንዲት ሽቦ ሆነች። ወሬው በተሰማ ማግስት ጥራቮሎ ሰፈር የማስተምርበት ትምህርት ቤት ዳይሬክተር ነገሩ እስኪጣራ ቤትሽ ቆዪ አሉኝ። ማን ነው የሚያጣራው ብዬ ስጠይቃቸው ጠረጴዛቸውን ማስተካከል ጀመሩ።

ታዲያ ምን አደረግኩ መሰለህ? ከተቃጠለ ሞተር ፈትተህ የጠቀለልከው የመዳብ ሽቦ መሳቢያህ ውስጥ ነበር። ቀሚሴን ሰብሰብ አድርጌ ጣሪያው ላይ ወጣሁና እስከ ግቢያችን አጥር ዘረጋሁት። አደይ ከታች ሆና «ይህ ራዲዮ ባሌን ወስዶ ሳይበቃው ልጄን ሊጨምር ነው!» እያለች ትጮሃለች። ይህ ሰውዬ ያገባው ራዲዮ ነው እያለች ስታማህ የኖረችው አደይ፣ በማግስቱ ሳትነግረኝ ነጭ ሸሚዝህን አጥባ ሽቦው ላይ አሰጣችው። ጠያቂ ከመጣ የልብስ ማስጫ ነው እላለሁ አለች። እርጥብ ልብስ ሲጫንበት ሽቦው ይረግባል፣ ጣቢያዎቹም ይደክማሉ። ቢሆንም አላወረድኩትም። ከሸሚዝህ ሥር ቁጭ ብዬ አዳምጣለሁ።

ጎህ ሲቀድ የምትቀሰቅሰኝን ታስታውሳለህ? የምሥራቆቹ ጣቢያዎች ፀሐይ ወጥታባቸው አንድ በአንድ ሲጠፉ፣ ገና ያልነጋላቸው የምዕራቦቹ ብቅ ይላሉ። «አሁን ባሕሩ ጠበበ» ትለኝና ጣትህን ማዞሪያው ላይ አድርገህ ትንፋሽህን ትይዛለህ። አንድ ቀን ከሩቅ የጊታር ድምፅ መጣ፤ ከዚያ አንዲት ሴት መናገር ጀመረች። በጣልያንኛህ ግማሹን እየገመትክ «ይቺ ቋንቋ የጣልያንኛ የአክስት ልጅ ናት፤ ብራዚል ትሆናለች!» ብለህ ልትስቅ ስትል ሳሉ ቀደመህ። ከዚያ ድምፁ ሟሸሸ፤ ጣቢያው ስሙን ሳይናገር ነጋ። እኔ ሰማነው ብዬ ስፈነጥዝ አንተ እምቢ አልክ። ሕግህ አንድ ነበር፤ ጣቢያው ራሱ ስሙን ካልተናገረ አልሰማነውም። «ነገ ይነግሩናል» አልከኝ። ክረምቱ ገባ፤ ሳሉም ሆስፒታል አስገባህ፤ አልተመለስክም።

አቦይ፣ ነገሩን! ባለፈው ሐሙስ ንጋት ላይ ያው ጊታር መጣ። ቀጥሎ ሴትየዋ የጣቢያውን ስም፣ የከተማውን ስም፣ ከዚያም ብራዚል ብላ ተናገረች፤ ለእኔ ብላ ቀስ ያለች ይመስል ነበር። አልቅሼ ኖሯል፤ አደይ ደንግጣ «መጡ እንዴ?» እያለች ወደ እኔ ሮጠች። «ነገሩን፣ አደይ» አልኳት። በሕይወትህ ሳለህ አንድ ቀን እንኳ ያላደረገችውን አደረገች፤ ራዲዮው አጠገብ ተቀመጠችና ድምፁ እስኪጠፋ አዳመጠች።

በማግስቱ መጥሪያው መጣ። አዲሱንም ሽቦ አይተውታል፤ ሸሚዝህ አልጋረደውም።

አጎቴ ትናንት ከዓዲ ጓዕዳድ መንደር መጥቶ ምክሩን ሰጠኝ። «ጓለይ፣ ልጄ፣ ሽቦውን የዘረጋው ሟቹ ነው በያቸው። ሙት አይታሰር! ራዲዮውን ስጪያቸው፤ ሥራሽንም ይመልሱልሻል።» አደይ ዓይኗን ከእኔ ስታሸሽ እየለመነችኝ እንደሆነ ገባኝ።

እውነቱን ልንገርህ፣ ፈርቻለሁ። ነገ እንዴት እንደምገባ እንጂ እንዴት እንደምወጣ አላውቅም፤ ብቀር አደይን ማን ያያታል እላለሁ። ስምህን ግን መደበቂያ አላደርገውም። የፊተኛውን ሽቦ አንተ ዘረጋህ፤ ይኼኛውን እኔ። ያዳመጥኩትም እኔ ነኝ፤ ጥፋትም ሠርቼ አይደለም። ስሙን ያልተናገረ አልተሰማም ያልከኝ አንተ ነህ። ሽቦው የማን ነው ሲሉኝ ቀና ብዬ ስሜን እነግራቸዋለሁ። ሙሉ ስም ማለታቸው አይቀርም፤ ያን ጊዜ ያንተ ስም ከእኔ ቀጥሎ ይወጣል። ራዲዮውን ቢወስዱት፣ እኔንም የትም ቢያደርሱኝ፣ ማን ነሽ ባሉኝ ቁጥር እንዲህ አድርጌ አነሳሃለሁ።

ይህን ስጽፍ አደይ ግቢ ወጥታ ሸሚዝህን ከሽቦው ላይ አወረደችው። በመስኮት አያታለሁ። ሌላ ልብስ አላሰጣችበትም።

ልጅህ፣
ለተብርሃን ኪዳነ