የአርብ ሚስኮል

ለውድ ወንድሜ ለሳቢት፣

አሰላሙ ዓለይኩም። የእናታችንና የእኔ ሰላምታ ካለህበት ይድረስህ። እኛ አልሐምዱሊላህ ደህና ነን።

ጉለሌን ጭጋግ ከሸፈናት ሰንብቷል። ጠዋት ከሽሮ ሜዳ ወደ ላይ ያለው መንገድ አይታይም፤ ታክሲዎቹ ከደመና ውስጥ የሚወርዱ ይመስላሉ። በብርዱ ምክንያት የሱቃችን ጋቢ ቶሎ ቶሎ ይሄዳል። ጠርዙ አረንጓዴ የሆነውን ግን እማዬ ላንተ አስቀርታዋለች።

ስልኳን መስኮቱ ላይ ነው የምታስቀምጠው። አርብ አርብ አንዴ ጠርቶ የሚቋረጠውን፣ «ደህና ነኝ» የምትልበትን ሚስኮል እዚያ ሆና ነበር የምትሰማው። ሳይጠራ አምስት አርብ አለፈ። ስልኩ ተበላሽቶ ይሆናል ብላ ጎረቤታችንን ሉሊትን አስደወለቻት። በደንብ ይጮኻል። እኔ ያለህበት በረሃ ኔትወርክ የለውም እላታለሁ።

አሁን ራሷ ትደውልልሃለች። «የደወሉላቸውን ደንበኛ ማግኘት አይችሉም» ከምትለዋ ሴት ጋር ተላምዳለች። ሰላም ትላታለች፤ ስለ ልጆቿም ትጠይቃታለች።

«እማዬ፣ ማሽን እኮ ናት።»

«ብትሆንም ካንቺ ትሻላለች። አንድ ቀን ተቆጥታኝ አታውቅም።»

ትናንት ስልኩን ሰጠችኝ። «እኔ ሳልሰለቻት አልቀረሁም። እስቲ ሳቢት የት እንዳለ አንቺ ጠይቂያት።»

ልስቅ ነበር። ጆሮዬ ላይ ሳደርገው ግን ሴትዮዋ ተናግራ እስክትጨርስ ጠበቅኩና፣ ጠየቅኳት።

ይህን ደብዳቤ ሞያሌ ድረስ መኪና የሚነዳው ጓደኛህ ለሊሳ ይዞልህ ይመጣል። መልስ ለመጻፍ አትቸገር። አንድ ሚስኮል ይበቃናል፤ አርብ እስኪደርስም አትጠብቅ።

በሄድክበት ሁሉ አላህ ይጠብቅህ።

እህትህ ረይሃና