አራተኛው ባልዲ

በቅዱስ እንድርያስ ዕለት፣ ከቤታችን

ውድ እትዬ ኖርማ፣

ይህን የምጽፍልሽ ወጥ ቤት ጠረጴዛ ላይ ሆኜ ነው። ጣቶቼ ከወይራ ለቀማው ገና ጥቁር ናቸው፤ ወረቀቱ ላይ የምታዪው ነጠብጣብም ዘይት ነው። የዘንድሮ ዘይት ስለሆነ ይቅርታ አልጠይቅሽም፣ አሽትቺው። አሥራ ሁለት ዓመት ሙሉ በየገናው "ሁላችንም ደህና ነን" የሚል ካርድ ስልክልሽ ኖሬ፣ ዛሬ በየት በኩል እንደምጀምር ጠፋኝ። ስለዚህ ዋናውን ልንገርሽና ልገላገል፦ የበርሜሎቹን እናት ደፍቻታለሁ።

አዎ፣ እሷኑ። ቅድመ አያታችን የጀመረቻትን፣ ቆጥ ላይ ካሉት ትንንሽ በርሜሎች ግርጌ የምትቀመጠውን ወፍራም አተላ። ያለ እሷ ጣፋጩ ወይናችን ቪንሳንቶ ዘቢብ የተቀቀለበት ውኃ ነው እየተባልን ያደግንባትን። እንደማውቅሽ ከሆነ አሁን ወንበር ስበሽ ተቀምጠሻል። ደግ አደረግሽ፣ ገና ብዙ አለ።

ከሥሩ ልጀምርልሽ። ያን ጊዜ አባባን የላይኛው እርከን ላይ አቁመሽ፣ የአረም መድኃኒቱ ይብቃን ያልሽው ትዝ ይልሻል። እሱ እሳት ለብሶ እሳት ጎርሶ፣ ይህን አፈር ከአንቺ መወለድ በፊት እንደሚያውቀው፣ መጽሐፍ ደግሞ ወይን ገርዞ እንደማያውቅ ነገረሽ። ያኔ ወደ እኔ ዞረሽ "ኤልቪዮ፣ አንተስ?" አልሽኝ። እኔ ምን አደረግሁ? ጎንበስ ብዬ የጫማዬን ክር አሰርኩ። አስሬ አስሬ አልጨርስ አልኩ። ክሩ ቀድሞም ታስሮ እንደነበር አንቺም አይተሻል። ልክ እንደነበርሽ አውቅ ነበር እትዬ፤ ከቀፎዎቹ ሥር ረግፈው የተገኙትን ንቦች መጀመሪያ ያየሁት እኔ ነኝ። ዝም ያልኩት ፈርቼ ነው። ይህችን አንዲት ዓረፍተ ነገር ለመጻፍ አሥራ ሁለት ዓመት ፈጀብኝ።

ሰቨሪኖን አግብተሽ ተራራውን ልትሻገሪ ስትነሺ ደግሞ ሌላ ሆነ። በቤታችን ደንብ ሴት ልጅ ስትዳር ከበርሜሎቹ እናት አንድ ጠርሙስ ይዛ ትወጣለች። አባባ ግን የዚህን ቤት አፈር የናቀች የዚህ ቤት አተላ ምን ያደርግላታል ብሎ የቆጡን ቁልፍ ኪሱ ከተተው። ቁልፉ ሁለት መሆኑን ረስቶት ነበር። በጠዋት ወደ ቆጡ ወጣሁና አንድ ባዶ የማር ጠርሙስ ከእናት ሞልቼ፣ በእማማ ሻርፕ ጠቅልዬ፣ ከሰቨሪኖ መኪና ወንበር ሥር ወሸቅኩት። አግኝተሽው እንደሆነ እስከ ዛሬ አልጠየቅሁሽም፤ አንቺም አልነገርሽኝም።

አሁን ደግሞ መሐላ ላፈርስ ነው። አባባ እሷ እንዳትሰማ ብሎ አስምሎኝ ነበር። በሄድሽ በአምስተኛው ዓመት ከባድ ዝናብ የላይኛውን እርከን ጠርጎ ወሰደው። አባባ ተንበርክኮ አፈሩን በጣቱ ሲቆፍር ዋለ። የሚፈልገው የምድር ትል ነበር፣ አንድ እንኳ አላገኘም። ቤት ሲገባ፣ ስለ አፈር የጻፍሽበትንና ትተሽው የሄድሽውን አረንጓዴ ደብተር አምጣ አለኝ። መነጽሩን አድርጎ ሦስት ቀን አነበበው፤ በአራተኛው ቀን የመርጫውን ታንክ ለብረት ሰብሳቢ ሰጠው። ኖርማ ልክ ነበረች አላለም፣ ታውቂው የለ። ጽሕፈቷ መጥፎ ነው፣ ዓይኔን አጠፋችው ነው ያለው።

ከዚያ ወዲህ በወይኑ ረድፎች መካከል ባቄላ እንዘራለን፤ ዝንቧ ፍሬውን እንዳትወጋብን ወይራዎቹን ነጭ ሸክላ በጥብጠን እንረጫቸዋለን። ጎረቤታችን ቤፔ መጀመሪያ ያየ ቀን አጥሩን ተደግፎ፣ አባታችሁ ኦሬስቴ ዛፎቹን ሊያቆርብ ነው እንዴ ነጭ በነጭ ያለበሳቸው እያለ ሰፈሩን ሁሉ አሳቀብን። ዘንድሮ የራሱንም አልብሷቸዋል፣ አባባም ክርስትና አባት ልሁንልህ ወይ ብሎ ብድሩን መልሷል።

የእኔ ጉድ የመጣው እንግዲህ በዚህ መሃል ነው። ሦስት ዓመት ጠብቀን፣ እርሻችሁ ከኬሚካል ነፃ ነው ብሎ የሚመሰክርልን ተቆጣጣሪ ሊመጣ ሆነ። ያን የጫማ ክር የምክስ መስሎኝ ይሆናል፣ ቤቱን ከምድር እስከ ጣሪያ ፈገፈግኩት። ባለቤቴ ማሪዛ ሰውዬው የሚመጣው ሊያየን ነው ወይስ ሊያገባን ብላ ስቃብኛለች። ቆጥ ላይ ስምንቱ በርሜሎች አዲሱን ጭማቂ እየጠበቁ ባዶ ነበሩ። እናትን ከየበርሜሉ በጥንቃቄ ሰብስቤ በአንድ ባልዲ አስቀመጥኩ፤ ከዚያ በርሜሎቹን በፈላ ውኃ አጠብኩ። አራት ባልዲ ሞላ። ሦስቱ እጣቢ፣ አንዱ እናት። በጥድፊያ ሳላስተውል አራቱንም በመስኮት ደፋኋቸው። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች ይባላል፤ እኔ እንኳን ልለቅም፣ መሬቱ ጠጥቶ ጨርሶት ደረስኩ። ከመስኮቱ ሥር ያለችው በለስ በዚያ ዓመት እንደ ጉድ አፈራች። ተቆጣጣሪው ማሳውን አየ፣ መዝገቡን አየ፣ ወደ ቆጡ ቀና ብሎ እንኳ አላየም።

ምላሴን ዋጥኩ። በርሜሎቹን እንዲሁ ሞልቼ በሰም አሸግኋቸውና አራት ዓመት ከሆዴ ጋር ተሟገትኩ።

ዘንድሮ በቅዱስ ማርቲን ዕለት አባባ ጊዜው ደርሷል ብሎ ወደ ቆጡ ወጣ። ሰሙን በቢላው ፍቆ ውታፉን ነቀለ፣ ቀዳ፣ ወደ መስኮቱ አንስቶ አየው፣ ቀመሰ። ሌላውን ክፈት አለኝ። እሱንም ቀመሰ። ከዚያ ብርጭቆውን አስቀምጦ "ኤልቪዮ፣ እናት የት አለች?" አለኝ። ነገርኩት። እንዲቆጣ ጠብቄ ነበር፤ ቢቆጣ በተሻለኝ። የወይን ሳጥን ላይ ቁጭ አለና ዕድሜውን ቆጠረ። ሰማንያ ሦስት ዓመቱ ነው። ከሌላ ቤት ለምነን ብናመጣ የሌላ ቤት ነው አለ። ከዚያ እጁን እያየ፣ አሥራ ሁለት ዓመት አፉ ያልደፈረውን ስም ጠራ።

"ለኖርማ ሰጥቻት ቢሆን ኖሮ" አለ፣ "ዛሬ አንድ ቦታ ትገኝ ነበር።"

እኔም ከዚህ በኋላ ምን ቀረኝ ብዬ፣ ስለ ሁለተኛው ቁልፍ፣ ስለ ማሩ ጠርሙስ፣ ስለ እማማ ሻርፕ አንድ በአንድ ነገርኩት። ከዚያ ትከሻው ይንቀጠቀጥ ጀመር። የሚያለቅስ መስሎኝ ደንግጬ ጠጋ ስል፣ ለካ እየሳቀ ነው።

"አንተ ሰው" አለኝ፣ "ስርቆትህ ከጽዳትህ ይሻላል።"

እትዬ፣ የጠርሙስ ነጋዴው ባለፈው የጸደይ ወር፣ ተራራው ማዶ ያለች አንዲት ሴትዮ ልክ የእናንተ ቤት ጣዕም ያለው ቪንሳንቶ ትሠራለች ብሎ ነግሮኛል። ስሟን አልጠየቅሁትም፣ አይደለችም እንዳይለኝ ፈራሁ። አንቺ ከሆንሽ እናት በሕይወት አለች ማለት ነው። እኔ የምለምንሽ አንድ ማንኪያ ነው። አባባ ትልልቆቹን ዘለላዎች በእጁ መርጦ ቆጥ ላይ ሰቅሏቸዋል፤ በጥር መጨረሻ ይጨመቃሉ። ስምንቱንም በርሜሎች ደርድሮ አንዱን፣ ትንሹን፣ ማንም እንዳይነካው ብሎ ለብቻው አስቀምጦታል። እናት ዘንድሮ ካልገባችበት፣ በርሜሉ ሲከፈት እሱ ላይኖር ይችላል። ይህን እሱም ያውቃል፣ እኔም አውቃለሁ፣ አሁን ደግሞ አንቺም አወቅሽ።

ከደብዳቤው ጋር አንድ ጠርሙስ ዘይት ልኬልሻለሁ። ዳቦ ጥበሺና ነጭ ሽንኩርት አሽተሽበት ዘይቱን አፍስሺበት፤ ጉሮሮሽን ከቆነጠጠሽ ከላይኛው እርከን መሆኑን እወቂ። አሁን እዚያ ትል ሞልቷል፤ አባባ በየሳምንቱ እየቆፈረ ይቆጥራቸዋል። በእነዚህ አሥራ ሁለት ዓመታት የገባኝ አንድ ነገር ቢኖር፣ ያን ቀን ቀና ብዬ "ልክ ናት" ማለት እንደነበረብኝ ነው። ዘግይቶም ቢሆን ይኸው ብያለሁ። ስትመጪ አባባ ፊት ጮክ ብዬ እደግመዋለሁ፣ ለሰቨሪኖም ጭምር።

ይህን እየጻፍኩ ሳለ አባባ ገብቶ ለማን ነው አለኝ። ለማን እንደሆነ እያወቀ ነው የጠየቀኝ። ኖርማ እናትን በፖስታ ብትልካት ጠርሙሱ ይሰበራል አልኩት። መንገድ ላይ ወጥቼ ከእሷ ልቀበላት ወይ አልኩት። በሩ ላይ ቆሞ ኮፍያውን ሲያወልቅና መልሶ ሲያደርግ ቆየና እንዲህ ብለህ ጻፍላት አለኝ፤ እንዳለው ጻፍኩት፦

"ለኤልቪዮ እንዳትሰጠው። በእጄ ትስጠኝ።"

ወንድምሽ
ኤልቪዮ