ሥዕሉ ጥርት ያለ ዕለት

ሶዶ፤ መስከረም ፲፱፻፶፱ ዓ.ም.

ለማከብርሽና ለምወድሽ ታላቅ እህቴ፤

አዲሱ ዓመት እንዴት ተቀበለሽ? ጉልበትሽስ ከክረምቱ ብርድ ጋር ታረቀ ወይ? ባለቤትሽ፣ ልጆቹ፣ የቤሌ ዘመዶች ሁሉ እንደምን ከርመዋል? ለመስቀል በሬ ዘንድሮ ከነማን ጋር ልትካፈሉ ነው? እኔ ለአምላክ ምስጋና ይድረሰውና ጤነኛ ነኝ፤ ከናፍቆትሽ በቀር ያመመኝ የለም ብዬ ልጽፍልሽ ነበር፤ ግን ውሸት እንዳይሆንብኝ ተውኩት።

ደብዳቤሽ መንገዱ በጎርፍ ተቆርጦ ስለነበር ዘግይቶ ደረሰኝ። አነበብኩት፤ አጥፌ አስቀመጥኩት፤ ደግሞ አውጥቼ አነበብኩት። ቴሌቪዥን የገዛልሽ ባል እያለሽ ምን ጎድሎሽ ታኮርፊያለሽ፣ እኛ እዚህ በኩራዝ እናመሽ የለም ወይ፣ ቤትሽን ይዘሽ ተቀመጪ ብለሻል። አልተቀየምኩሽም፤ ያላየ ሰው እንደዚያ ቢል አይፈረድበትም። እኔ ያየሁትን ልንገርሽና ከዚያ በኋላ ፍረጂኝ። አጠገብሽ ተቀምጬ በቋንቋችን ባወራሽ ደስ ባለኝ፤ ሚሲዮን ትምህርት ቤት ያስጨበጡን ብዕር ግን የሚያውቀው አማርኛ ብቻ ነው።

ደገፉ ሲያገባኝ ለአባታችን የገባውን ቃል አንቺም ቁጭ ብለሽ ሰምተሻል። ኦቶና ሆስፒታል ገብቼ ድሬሰርነት፣ ቁስል ማከምና መርፌ መውጋት፣ ብማር እንደማይከለክለኝ ተናግሮ ነበር። ከተጋባን በኋላ መጀመሪያ ቤቱ ቆርቆሮ ይልበስና አለ፤ ለበሰ። ቀጥሎ ወፍጮው ይተከል አለ፤ ተተከለ። ከዚያ እናቱ ከሕመማቸው ይነሡ አለ፤ ተነሥተው ይኸው ዛሬ ከእኔ በላይ ይሮጣሉ። እኔም እያንዳንዱን ነገር በሙሉ ልቤ አምኜ ስጠብቅ ከረምኩ።

አምና በጥር ቡና ይዞ አዲስ አበባ ሲሄድ እኔንም አስከተለኝ። አንድ ቀን ወደ ማታ ፒያሳ ከሚገኝ ሱቅ ይዞኝ ገባ። ሦስት ቴሌቪዥኖች ጎን ለጎን በርተው ቆመዋል፤ በሦስቱም ውስጥ ያው አንድ ሰው ጥቁር ኮት ለብሶ ዜና ያነባል። ደገፉ ወዲያውኑ ከሁሉ ይልቅ በሚያበራው ላይ ጣቱን ቀሰረ። ሻጩ አረጋዊ ሰው ነው፤ ሳቅ አለና ብርሃን አያታልላችሁ፣ ጥሩ ቴሌቪዥን የሚታወቀው በጥቁሩ ነው አለን። የሰውየው ኮት ከኋላው ካለው ጥቁር መጋረጃ ተለይቶ ይታያል ወይስ አብሮ ተለውሷል? ፊቱ ላይ የአፍንጫው ጥላ አለ ወይስ ዱቄት የተነፋበት ይመስላል? ዜናው አልቆ አንድ ትልቅ ክብ ሥዕል ሲመጣ ደግሞ፣ ይህ ክብ እንደ እንቁላል ሞላላ የሆነበትን አትግዙ፣ ሰዎቹንም አጣሞ ያሳያችኋል ብሎ መከረን።

እኔ ከአንዱ ወደ ሌላው እየሄድኩ አየሁ። ዳር ላይ የቆመው፣ ሃያ ሦስት ኢንቹ፣ በሚያምር ቡናማ እንጨት የተለበጠው፣ መጀመሪያ ከሁሉ ደብዛዛ መስሎኝ ነበር፤ ትኩር ብዬ ሳየው ግን የኮቱ ቁልፎች ሳይቀሩ አንድ በአንድ ይለያሉ። ይሄ ነው አልኩ። ሻጩም ባለቤትዎ ዓይን አላት ብሎ ለደገፉ ነገረው፤ ደገፉ ሳይከራከር ገዛው። እህቴ፣ አልደብቅሽም፤ ካገባሁ ወዲህ እንደዚያ ቀን ደስ ብሎኝ አያውቅም። ምረጪ ተብዬ መረጥኩ፤ የመረጥኩትም ተገዛ። ሻጩ ደገፉን ወደ ጓዳ ወሰድ አድርጎ ለብቻው ሲያነጋግረው፣ ደገፉም እጁን እያወዛወዘ ግድ የለም፣ ግድ የለም ሲለው ሰማሁ። የሚያወሩት ስለ ጭነቱ መስሎኝ ነበር።

ስንመለስ ሻሸመኔ ላይ ምሳ እየበላን፣ ይህ ዕቃ ቤታችን ገብቶ ሥዕሉ ጥርት ብሎ ከታየ በኋላ ኦቶና ትገቢያለሽ፣ ሌላ ምክንያት አላመጣም አለኝ። አቶ አንጁሎን ታውቂያቸዋለሽ፤ የጋብቻችን ሽማግሌ የነበሩት የቤተ ክርስቲያናችን ሰው ናቸው። በግንቦት ስለ ትምህርቴ ሊጠይቁ ሲመጡ ለእሳቸውም ያንኑ ቃል ደገመላቸው። እሳቸውም መልካም ነው ብለው ጸልየው ሄዱ።

ሻጩ የመከረኝን አንድም አላጓደልኩም። የመስኮቱ ወገግታ መስታወቱ ላይ እንዳያርፍ ከመስኮቱ ትይዩ አላቆምኩትም። ከተቀማጭ ሰው ዓይን ጋር እኩል መሆን አለበት ብሎኝ ነበር፤ እግሩ ረጅም ሆኖ ስላስቸገረ አናጺው ዳልጮ ቴሌቪዥኑን መንካት ፈርቶ ወንበሮቹን ከፍ አደረጋቸው፤ የባሌ እናት አሁን ሲቀመጡ እግራቸው መሬት አይነካም። ወንበሮቹን የመስታወቱን ስፋት አራት እጥፍ ያህል አራቅኳቸው። ጨለማ ውስጥ ማየት ዓይን ያደክማል ስለተባለ ከጀርባው ትንሽ አምፖል አበራሁ። መብራታችን የሚመጣው ከወፍጮው ሞተር ነው፤ እህል ሲፈጭ ስለሚዋዥቅ ቴሌቪዥኑ በሚበራበት ሰዓት መፍጨት ቀረ። ሁሉም ነገር ልክ ሆኖ ተዘጋጀ። ከዚያ ቁልፉን ስንጫነው ነጭና ጥቁር ነጠብጣብ ብቻ ተንተከተከ፤ ድምፁም ቀፎ ሲነካ እንደሚጮኸው ንብ ነው። ላም አለኝ በሰማይ፣ ወተቷንም አላይ ሆነብን።

ደገፉ አልተናደደም። መጀመሪያ የከነከነኝ ይሄ ነው፤ በጠፋ ማንኪያ የሚጮህ ሰው እዚህ ላይ ትዕግሥት ነው፣ ይመጣል እያለ ያጽናናኝ ጀመር። ብርሃኑን ብቀንስ፣ ጥቁሩን ባጠብቅ፣ ቁልፎቹን ወዲያና ወዲህ ባዞር ነጠብጣቡ ያው ነው። ዕቃው ደግሞ እስከዚያው ጠባቂ አስፈለገው። ገበያ መውጣቴ ቀረ። የሴቶች ጸሎት መሄዴ ቀረ። እናታችንን ለማየት ወደ ጉኑኖ ልሂድ ብዬ ስነሣ ዕቃውን ለማን ጥለሽ ተባልኩ። ጠዋት የጠለፍኩለትን ልብስ እገልጣለሁ፣ አቧራውን እጠርጋለሁ፣ መልሼ አለብሰዋለሁ። የግቢው በር ከውጭ ሲቆለፍ የቁልፉን ድምፅ ለመድኩት። አንዳንድ ቀን በጠፋው መስታወት ውስጥ ራሴን አያለሁ፤ አንዲት ትንሽ ሴት ተቀምጣለች፣ ከኋላዋ የተዘጋ በር አለ። ከፊቱ ተቀምጬ አልቅሻለሁ፤ ለአንቺ ካልነገርኩ ለማን እነግራለሁ? ኦቶና ተማሪ የሚቀበሉት በመስከረም ብቻ ነው። መስከረም ካለፈኝ ለከርሞ ደግሞ ሌላ የሚተከል ነገር እንደማይጠፋ አውቅ ነበር።

በሰኔ ከአዲስ አበባ እሸቴ የሚባል አንቴና ተካይ መጣ። ሁለት የባሕር ዛፍ ግንድ አጋጥሞ አቆመና ጫፉ ላይ አንቴናውን አሰረ። እሱ ከላይ ሆኖ ያዞራል፤ እኔ መስኮት ላይ ቆሜ አልታየም፣ አሁንም አልታየም እላለሁ። ደክሞት ሲወርድ ወተት ሰጠሁት። ደገፉ ወፍጮ ቤት ነበር። እትዬ፣ በከንቱ ነው የሚደክሙት አለኝ። ሥዕሉ የሚላከው ለአዲስ አበባና ለዙሪያዋ ብቻ ነው፤ ይህን ሁሉ አገር አቋርጦ፣ የዳሞታን ተራራ ተሻግሮ እዚህ አይደርስም። ይህንንም ቴሌቪዥኑን የሸጡላችሁ ጌታዬ ገና ሱቅ ውስጥ ሳሉ ለአቶ ደገፉ ነግረዋቸዋል፤ እሳቸው ግን አንተ ምሰሶውን ብቻ አቁምልኝ ብለው አመጡኝ አለኝ። ወተት ጨመርኩለት። ሌላ ምን ላድርግ?

ለአቶ አንጁሎ ሄጄ ልንገር ብዬ አሰብኩ። ነገር ግን ሚስት ባሏን ዋሸኝ ብላ ብትከስ፣ ባልየው ደግሞ ነገ ይመጣል፣ ታገሡ ካለ፣ የማን ቃል እንደሚሰማ ታውቂዋለሽ። ዝም አይነቅዝም ብዬ ዝም አልኩ። ጎረቤታችን ዘሐራ ብቻ፣ የባለ ሱቁ የአብዱሰመድ ሚስት፣ በአጥሩ ቀዳዳ ጨው ስታቀብለኝ ጥቂት አወጋን፤ ሴትና ሴት በአጥር ሲገናኙ ምን ይጠፋል። ከዚያ ሳምንት ሳይሞላ ገበያው በሙሉ ይስቅ ጀመር። ደገፉ አዲስ አበባ ድረስ ሄዶ ቀፎ ገዛ፣ ንቡ ይጮኻል፣ ማር ግን የለውም ይላሉ። አብዱሰመድም ሰው በተሰበሰበበት ማሩ መቼ ነው የሚቆረጠው ብሎ ጠየቀው አሉ።

ደገፉን ታውቂዋለሽ፤ ረሃብ ይችላል፣ ሳቅ አይችልም። በሐምሌ ወይፈን አረደና አቶ አንጁሎንና ሽማግሌዎቹን፣ አብዱሰመድንና ዘሐራን ጠራ፤ መጥታችሁ በዓይናችሁ እዩ አላቸው። ምን ሊያሳያቸው እንዳሰበ ዛሬም አላውቅም። ምናልባት ሞተሩ እምቢ ይላል ብሎ ተስፋ አድርጎ ይሆናል፤ ሞተሩ ግን ያን ቀን እንደ ጉድ ሠራ። ናፍጣውን የሞላሁት እኔ ነኝ።

ክትፎው በቆጮና በሚያቃጥለው ዳጣ ቀረበ። አብዱሰመድና ዘሐራ የእኛን እርድ ስለማይበሉ ቅቤ የጠጣ ቆጮና አይብ ለብቻቸው አዘጋጅቼ ነበር። ውጭ ዝናቡ ቆርቆሮውን ይደበድባል። ከተበላ በኋላ ደገፉ ልብሱን ገልጦ ቁልፉን ተጫነ። ነጠብጣቡ ተንተከተከ፤ ድምፁም ተነሣ። ከተጋበዙት መሀል ከአብዱሰመድ በቀር ቴሌቪዥን አይቶ የሚያውቅ አልነበረም፤ እሱም በሰው ገበታ ተቀምጦ የጋበዘውን የሚያሳፍር ሰው አይደለም። አቶ አንጁሎ መነጽራቸውን አድርገው ጠጋ አሉና ዝናብ ነው አይደለም ወይ ብለው ጠየቁ።

አብዱሰመድ በጢሙ ውስጥ ፈገግ አለ፤ ደገፉም አየው። ወዲያው አዎን፣ አዲስ አበባም እየዘነበ ነው ብሎ ለአቶ አንጁሎ መለሰ። ሽማግሌዎቹ ተገረሙ፤ ለካ ያው የእኛው ዝናብ እዚያም ይጥላል ተባባሉ። ዘሐራ ሰዎቹስ የት ሄዱ ብላ ስትጠይቅ ደገፉ ተጠልለዋል አላት። አብዱሰመድ ቆጮውን እየቆረሰ፣ ታዲያ ጥርት ብሏል ነው የምትለን አለው። ደገፉም ከዚህ በላይ ምን ይጥራ ብሎ መለሰ።

የብርዙን ማንቆርቆሪያ መሬት አስቀመጥኩ። አቶ አንጁሎ ፊት ተንበርክኬ፣ አባቴ፣ ሥዕሉ ጥርት ካለ ትገባለች የተባለውን በግንቦት በጆሮዎ ሰምተዋል፣ ዛሬ ደግሞ ጠርቷል ሲባል ሰሙ፤ እንግዲህ ይመርቁኝ አልኳቸው። እሳቸውም ወደ ደገፉ ዞረው ልጄ፣ ጠርቷል ነው ቃልህ ወይስ አልጠራም አሉት። አልጠራም ቢል አብዱሰመድ ፊት ቀፎ ገዝቻለሁ ማለቱ ነው፤ ጠርቷል ቢል እኔ ሄድኩ። ግንባሩ በላብ ሲርስ አየሁ። አሳዘነኝ፣ እህቴ፤ ታስሮ የከረመ ሰው የሌላው ገመድ ሲጠብቅ ያውቃል። በመጨረሻ ጠርቷል አለ። ከአፍ የወጣ አፋፍ ነው። አቶ አንጁሎ እጃቸውን ራሴ ላይ ጭነው ጦሳይ ኔና አንጆ፣ እግዚአብሔር ይባርክሽ ብለው መረቁኝ፤ ሌሎቹም አሜን አሉ።

ከዚያ ወዲህ እስከ መስከረም ከእግዚአብሔር ሰላምታ በቀር ብዙ አላነጋገረኝም። የግቢውን በር ግን አልቆለፈም። የምገባበት ቀን ሲደርስ ሣጥኔን ራሱ ተሸክሞ ወጣ። መንገድ ላይ ለጠየቀን ሁሉ ባለቤቴን ላስተምራት ነው፣ ፈቅጄላታለሁ ይላል፤ እኔም አንገቴን እነቀንቃለሁ። የሆስፒታሉ በር ስንደርስ ሣጥኑን አወረደና ፊቱን ወደ መንገዱ አድርጎ፣ ሥዕሉ እንደማይመጣ መቼ ነው ያወቅሽው አለኝ። ካንተ በኋላ አልኩት።

እሑድ እሑድ ከቤተ ክርስቲያን ስወጣ ቤት እሄዳለሁ፤ ሚስቱ ነኝ፣ አልተውኩትም፤ ተወችው የሚልሽ ካለ አትስሚ። ባለፈው እሑድ ልመለስ ስነሣ ትንሽ ተቀመጪ አለኝና ቴሌቪዥኑን አበራው። ጎን ለጎን ተቀምጠን ያንን ነጠብጣብ አየን። ሰው ብቻውን መቀመጥ ስለፈራ ሌላውን ይዘጋበታል እንዴ፣ ፈራሁ ቢለኝስ ምን ነበረበት እያልኩ ሳስብ፣ ዛሬ ትንሽ የጠራ አይመስልሽም አለኝ። እኔም ይመስለኛል አልኩትና ነጠላዬን አነሣሁ። እስከ በር ድረስ ሸኘኝ።

እንግዲህ ፍርዱ የአንቺ ነው። እግዚአብሔር ጎጆሽን በሰላም ያኑርልሽ፤ ልጆችሽ ከእኔና ከአንቺ የላቀ ይማሩ፤ መጪው መስቀል የጥጋብና የጤና ይሁንላችሁ። የልብሽን ጻፊልኝ፤ የምትጽፊው ግን ኦቶና ሆስፒታል ብለሽ ይሁን፣ በቤቱ በኩል አትላኪው።

የምትወድሽ ታናሽ እህትሽ