ራህማና የሐር ፋብሪካዋ ልጅ

ሰኞ፣ ግንቦት 4

ራህማ ልትሄድ ነው። ቅዳሜ። ቤተ መጻሕፍት መጥታ እንደ ተራ ወሬ ነገረችኝ፤ “ቪዛው ወጣልኝ እኮ” አለችና ያቆምንበትን ገጽ መፈለግ ጀመረች። ጅዳ፣ የቤት ሠራተኛ፣ ሁለት ዓመት። ማንበቤን ቀጠልኩ፤ ምን እንዳነበብኩ ግን አላውቅም።

መጀመሪያ የመጣችው ሙቀት ሽሽት ነበር። የሸዋ ሮቢት ቀትር የት ያስቀምጣል፤ እኔ የምሠራበት ቤተ መጻሕፍት ደግሞ የጣሪያ ማራገቢያ አለው። ማሾ እየለቀመች ከምትውልበት መጋዘን በምሳ ሰዓት ትወጣና ጥግ ይዛ ትቀመጣለች። አንድ ቀን የማነበው ምን እንደሆነ ጠየቀችኝ። ስለ ጃፓን ነው አልኳት። “እስቲ ጮክ በይበት” አለች። በዚያው ቀረን፤ ሁለት ዓመት ሞላን። አንድ ሰው ለቤተ መጻሕፍቱ የሰጣቸውን የቻይናና የጃፓን ልቦለዶች አንድ በአንድ ጨረስናቸው። ባለ ሰይፎቹን፣ የንጉሥ እቁባቶቹን፣ ድርቅ ያሰደዳቸውን ገበሬዎች። ስሙ ሲያምታታን የሰፈራችንን ስም እናወጣላቸዋለን።

አሁን የያዝነው አሥረኛው ነው፤ ሽፋኑ ተገንጥሏል። ሊን ስለምትባል የቻይና ገበሬ ልጅ ነው። ራህማ ዘይነባ ነው የምትላት። ባለፈው ሳምንት ባነበብነው ላይ ደላላ መጥቶ ሊንን ከመንደሯ ወሰዳት፣ ወደ ከተማ፣ ሐር ወደሚፈተልበት ፋብሪካ። ያን ስናነብ ራህማ የራሷን ጉዳይ ታውቅ ነበር ማለት ነው። አንዲት ቃል አልተነፈሰችም።

ማክሰኞ፣ ግንቦት 5

ራህማ የለችም፤ ወረቀት ልታስጨርስ ደብረ ብርሃን ወጥታለች። ደንባችን አንዳችን ያለ አንዳችን ገጽ እንዳንገልጥ ነው። ዛሬ አፈረስኩት። ምሳ ሳልበላ እስከ መጨረሻው አነበብኩ።

ሊን ትሞታለች። ትሉ ከሐር የሚሠራውን ጎጆ የሚቀቅሉበት ውሃ እጇን ይልጠዋል፣ እንፋሎቱ ሳንባዋን ይጎዳዋል፣ ወደ አገሯ በሚመልሳት ጀልባ ላይ ትሞታለች። እናቷ ይህን ሳያውቁ ወንዝ ዳር ቆመው ይጠብቃሉ።

መጽሐፉን ዘጋሁና ሐሳብ መጣልኝ። ጥሩ ሐሳብ አይደለም። ሞቷን ሳይሆን ፋብሪካውን ባነብላትስ? ብትፈራ ትቀር ይሆናል።

ረቡዕ፣ ግንቦት 6

ማድረግ ያለብኝ፦
ለራህማ እዚህ ሥራ መፈለግ።
እናቷን ማናገር።
ፋብሪካውን ማንበብ።

ከመጀመሪያው ጀመርኩ። አለቃዬን ለጽዳት እንኳ ሰው አያስፈልገንም ወይ አልኩት፤ መደብ የለም አለኝ። መንገድ ዳር ያለው ሆቴል፣ ያሉትንም ልንቀንስ ነው አሉኝ። የማሾ መጋዘኑ አዲሱ ምርት እስኪገባ ተዘግቷል። ሦስት ቦታ ሄጄ ሦስቴ አይሆንም ተብዬ ተመለስኩ። በፀሐዩ ራሴን አሞኛል።

ሐሙስ፣ ግንቦት 7

አነበብኩላት። ባላነብላት ይሻለኝ ነበር።

“እጇ እስከ ክርኗ ቀላ” እያልኩ ሳነብ ራህማ የራሷን እጅ ጠረጴዛው ላይ ዘርግታ ታየዋለች። ምዕራፉ ሲያልቅ ቀና አለች።

“ቀድመሽ አንብበሽዋል።”

“በምን አወቅሽ?”

“ወላሂ ሌላ ጊዜ አንቺም አብረሽኝ ትደነግጫለሽ። ዛሬ የምታዪው እኔን ነው።”

ካድኩ፣ ከዚያ አመንኩ፣ ከዚያ ደግሞ የማይረባ ለቅሶ መጣብኝ። እሷ አላለቀሰችም።

“ትርሲት፣ የማልፈራ መሰለሽ? አሥር መጽሐፍ አንብበን፣ ከአገሩ ወጥቶ ያልተንገላታ አንድ ሰው አግኝተናል? አገራቸው የቀሩትስ ግን ምን ሆኑ?”

የቀሩትን አሰብኳቸው። በሬያቸውን በልተው የጨረሱት፣ የጣሪያቸውን እንጨት ያነደዱት። መጽሐፉን መደርደሪያው ላይ መለስኩት። ሻርፗን አስተካክላ ሳትሰናበተኝ ወጣች።

ዓርብ፣ ግንቦት 8

ከጁምዓ በኋላ እናቷ ዘንድ ሄድኩ፤ ከከተማው በባጃጅ ሩብ ሰዓት ነው። እትዬ ዘሃራ ማንጎው ሥር ተቀምጠው የራህማን ቀሚስ ጫፍ ይሰፋሉ። ራህማ ከዘመድ ልትሰናበት ወጥታ አልነበረችም።

“እትዬ ዘሃራ፣ አረፋን እንኳን እዚሁ ብታሳልፍ።”

“ቪዛ አረፋን ያውቃል እንዴ ልጄ?”

“እርስዎ አትሂጂ ቢሏት ትቀራለች።”

መርፌውን ቀሚሱ ላይ ሰኩት። “ማሽላው ሁለት ዓመት ተከታትሎ ከዳን። እሺ፣ ቅሪ ልበላት። ቀርታ ምን ትሥራ? አንቺ ንገሪኝ።”

ከትናንት ወዲያ የዞርኩባቸውን ሦስት ቦታዎች በልቤ ቆጠርኩ።

“ደግሞስ” አሉ፣ ሳይቆጡ፣ “ሩቅ አገርን ያስለመድሻት አንቺ አይደለሽም ወይ? ከጣርማ በር ወዲያ ምን እንዳለ አታውቅም ነበር። እቤት ስትገባ ቻይና እንዲህ ነው፣ ጃፓን እንዲያ ነው። ታናናሾቿ አፋቸውን ከፍተው ይሰሟታል። እኔም እሰማ ነበር፣ አልዋሽም።”

ማንጎ ልጠው ሰጡኝ። ይዤው ወጣሁ።

እውነታቸውን ነው? መንገድ ሁሉ ያሰብኩት ይህንኑ ነው። ሙቀት ሽሽት የመጣችን ልጅ እኔ ነኝ ያስቀመጥኳት። እኔ ነኝ ያነበብኩላት።

ቅዳሜ፣ ግንቦት 9

ንጋት ላይ መናኸሪያ ነበርኩ። መጽሐፉን ከነማኅተሙ ይዤላት ሄድኩ፤ አለቃዬ ቢጠይቀኝ ጠፋ እላለሁ ብዬ። አልወሰደችም።

“አንቺ ከሌለሽ ማን ያነብልኛል? እኔ እንደሆነ አንድ ገጽ ቀኑን ይፈጅብኛል።”

የሐሙሱን አላነሳችውም፤ እኔም አላነሳሁም። እናቷ ያሉኝን ግን ጠየቅኳት። “በመጽሐፉ ምክንያት ነው የምትሄጂው?”

ሳቀች። “በመጽሐፉ ቢሆንማ ቻይና ነበር የምሄደው!”

እፎይ ልል ስል ቦርሳዋን አነሳችና “ትንሽ ግን አለበት” አለች።

ትንሽ። ምን ያህል ነው ትንሽ?

እትዬ ዘሃራ መስኮቱ ሥር ቆመው ዱዓ ያደርሳሉ። ሚኒባሱ ወደ ደብረ ሲና አቅጣጫ ወጣ። ሰው ሁሉ እጁን ያውለበልባል። እኔ መጽሐፉን በሁለት እጄ እንደያዝኩ ቆሜ ቀረሁ።

እሁድ፣ ግንቦት 10

ስልኳ ዝግ ነው። ቅዳሴ ቆሜ ልቤ አውሮፕላን ላይ ነበር። ለእናቷ ደወልኩ፤ እሳቸውም የሰሙት የለም።

ሰኞ፣ ግንቦት 11

ዝግ። ጠዋት ዝግ፣ ቀትር ላይ ዝግ። መብራትም ስለሌለ ማራገቢያው ቆሟል። አንዲት ተማሪ መጥታ የራህማ ወንበር ላይ ተቀመጠች፤ ተነሺ ልላት ምንም አልቀረኝም። ሌላ ልቦለድ አንስቼ ሦስት መስመር አነበብኩና መለስኩት። ለብቻ ማንበብ ጠፍቶብኛል።

ማክሰኞ፣ ግንቦት 12

ድምፅ ላከች! ከቀኑ ስምንት ሰዓት ላይ ገባልኝ። ስድስት ጊዜ ሰምቼዋለሁ።

“ትርሲቴ፣ ደርሻለሁ፣ አልሃምዱሊላህ። ቤቱ ሦስት ፎቅ ነው፣ ደረጃ ብቻ። ልጆቹ አራት ናቸው። ስልክ የምይዘው ለትንሽ ጊዜ ነው። ለእማዬ ደህና ናት በያት። እ… ዘይነባ ምን ሆነች? እያነበብሽ ድምፅሽን ላኪልኝ። አንድም ቦታ እንዳትዘልዪ።”

መጨረሻው ላይ ከሩቅ አንዲት ሴት ትጣራለች፤ እዚያ ላይ ይቋረጣል።

ድምፅዋ ዝቅ ያለ ነው። ሕፃን ተኝቶ ይሆናል። ደክሟት ይሆናል። ከድምፅ ምን ይታወቃል? ለእትዬ ዘሃራ ደውዬ ነገርኳቸው። “አልሃምዱሊላህ፣ አልሃምዱሊላህ” አሉ፤ ከዚያ ስልኩን ሳይዘጉት ሲያለቅሱ ሰማኋቸው። እኔም አልዘጋሁትም።

የቤተ መጻሕፍቱን በር ቆልፌ መቅዳት ጀመርኩ። መጀመሪያ ከራሴ ፈጠርኩ፦ ሊን አገሯ ስትገባ፣ እናቷ ሮጠው ሲያቅፏት። ደቂቃ ሳይሞላው አጠፋሁት። አልወጣልኝም። ከዚያ ካቆምንበት ቀጥሎ ያለውን አንድ ምዕራፍ እንደተጻፈው አነበብኩ። እዚህ ላይ ሊን እጇ ቢቀላም ገና ደህና ናት፤ የዕረፍት ቀን ነው፣ ከጓደኛዋ ጋር በአንድ ጃንጥላ ገበያ ይወጣሉ። ሁለቱም ይስቃሉ።

ላክሁላት። አሥራ አንድ ምዕራፍ ይቀራል። በቀን አንድ ባነብላት አሥራ አንድ ቀን ነው። ከዚያ ወዲያ ምን እንደምላት አላውቅም።

ደርሷል ይላል። እስካሁን አልከፈተችውም።