በገዛ እጄ የደፈንኋቸው ቀዳዳዎች

ይድረስ ለውድ ወንድሜ ለዐብዱልዓዚዝ፤ ሻርጃ።

አሰላሙ ዓለይኩም ወራሕመቱላሂ ወበረካቱሁ። ለመሆኑ እንደምን ሰነበትህልኝ? ወገብህስ ተሻለው ወይስ ዛሬም ዕቃ ስታነሣ ይይዝሃል? ቱሪያስ ደኅና ናት? ትንሿ ዊዳድ ትምህርቷን ትከታተላለች ወይስ እንደ አባቷ ስትጽፍ መስመሩ ወደ ላይ ይሸሽባታል? እኔ ከጉልበቴ በቀር ደኅና ነኝ፤ አልሐምዱሊላህ። የድሬ ሙቀትም በረድ ብሏል። እኔ ዘንድ የተውኸው ልጅህ ሱፍያን የተሰበረው ትከሻው እየዳነ ነው፤ ክንዱን እስከ ጆሮው ድረስ ማንሣት ችሏል።

ስልክ እያለ ወረቀት ለምን አስፈለገ ትል ይሆናል። በስልክ ብጀምረው አልቅሼ ሳልጨርሰው እንደምቀር ዐውቃለሁ። ደግሞም በዚህ ፖስታ ውስጥ በስልክ የማይላክ ነገር አለ። መጀመሪያ ደብዳቤውን አንብብ፣ ከዚያ እሱን ተመልከተው።

በመስከረም ሱፍያን መልካ ጀብዱ መንገድ ላይ ለውድድር ሲለማመድ መኪናው ከአፈር ክምር ጋር የተጋጨች ጊዜ፣ ለመወዳደሪያ መኪናው የላክህለትን ወንበር ፎቶግራፍ ላክልኝ አልኸው። አይተህም፣ እኔ የላክሁልህ ወንበር ይህ አይደለም፤ ምልክቱ የታለ፤ የቀበቶው ቀዳዳ የታለ፤ ሸጠህ አስመስሎ የተሠራ ገዝተሃል፤ እኔ ሌባ አልወለድሁም ብለህ ስልኩን ዘጋህበት። ይኸው ሁለት ወር አላነጋገርኸውም። እሱም አንድ ቃል አልመለሰልህም። እኔ ደግሞ በምን እንደተኳረፋችሁ ሳላውቅ፣ ዝምታውን ከሕመሙ ቆጥሬ ሾርባ ሳቀርብለት ሰነበትሁ።

ዐብዱልዓዚዝ፣ ልጅህ ወንበሩን አልሸጠም። ያየኸው አንተው የላክኸውን ነው። እንደዚያ ያደረግሁት እኔ ነኝ።

ወንበሩን ለመምረጥ ስንት ወር እንደፈጀብህ ዐውቃለሁ። የልጁን የዳሌ ስፋትና ከመቀመጫው እስከ ትከሻው ያለውን ቁመት በሜትር ለክቼ የላክሁልህ እኔው ነኝ። አንተም በየመጋዘኑ ዞረህ፣ መልኩ የሚያምረውን ትተህ፣ ጎንና ጎኑ ሰውነትን አጥብቆ የሚይዘውን፣ የተሠራበት ዓመት የተጻፈበትን፣ ከመኪናው ወለል ጋር የሚያስረው ብረት ያልዛገውን መረጥህ። ወንበሩ ሲደርሰንም ስለ ትከሻው ቀበቶ በድምፅ መልእክት ልታስረዳን ጀመርህ። እኔ ግን ገና ሳትጨርስ ሱፍያንን ዝጋው አልሁት። ሠላሳ ዓመት የባቡር ወንበር ሰፍቼ ጡረታ የወጣሁ ሴት፣ ስለ ወንበር ከታናሽ ወንድሜ አልማርም አልሁ። አላህ ይቅር ይበለኝ።

ወንበሩ ያገለገለ ስለሆነ ጨርቁ ነትቧል፤ ጥቁርም በመሆኑ በእኛ ፀሐይ እሳት ነው። ከቀፊራ ገበያ ነጣ ያለ ወፍራም ሸራ ገዝቼ አለበስሁት። ከራስ መደገፊያው ሥር ሁለት ቀዳዳዎች ነበሩ። በልጅነቴ ስፌት ያስተማሩኝ መነኩሲት፣ ክፍት የቀረ ቀዳዳ የሰነፍ ምስክር ነው እያሉ ጣቴን በማስመሪያ ይመቱኝ ነበር፤ ሰባ ሁለት ዓመት ሞልቶኝም ጣቴ እስካሁን ይፈራቸዋል። ሁለቱንም ደፈንኋቸው። ከጎኑ የተሰፋችውንም ብርማ ቁራጭ ጨርቅ የዋጋ መለያ መስላኝ ተርትሬ አነሣኋት። ሱፍያን መጥቶ ሲያየው የተደፈኑትን ቀዳዳዎች በጣቱ ዳሰሰ። ከዚያ አቦ አዳዳ፣ አክስትዬ፣ የሙሽራ ወንበር አስመሰልሽው እኮ ብሎ ግንባሬን ሳመኝ። እኔ ደስ ያለው መስሎኝ ነበር።

እውነቱን ያወቅሁት ከመካኒኩ ከነጋ ነው። ባለፈው ዓርብ ወንበሩን ነቅሎ ሊጥል መጣ፤ አንድ ጊዜ ግጭት የቀመሰ ወንበር ዳግመኛ አይታመንም አለኝ። ተቆጥቼ፣ እንዲህ ያለ ስፌት ከየት ይገኛልና ነው የሚጣለው ብለው፣ እትዬ ቀመሪያ፣ ጉዱስ ስፌትዎ ነው አለኝ። ቀበቶው ትከሻን የሚይዘው በእነዚያ ቀዳዳዎች ውስጥ ሲያልፍ ነው ለካ። ቢደፈኑበት ጊዜ ሱፍያን በጎን በኩል አሳለፈው፤ ሲጋጭ ቀበቶው ተንሸራተተና ትከሻው ከመሪው ጋር ተላተመ። ነጋ አስቀድሞ ተርትረው ብሎት ነበር። ሱፍያን ግን፣ መነጽር በመነጽር ላይ ደርባ ሳምንት ሙሉ የሰፋችውን እንዴት ልተርትረው፤ ለውድድሩ ሲደርስ ቀስ ብዬ አስረዳታለሁ አለው። ትከሻው የተሰበረው ለእኔ ስፌት ሲሳሳ ነው። አንተ በስልክ ያልኸውንም ነጋ ነው የነገረኝ፤ ስትሰድበው ዝም ያለው እኔ እንዳልሰማ ብሎ ነው። ዓርብ ማታ ስጠይቀው፣ ተይው አዳዳ፣ አባዬ ሲበርድለት ይተወዋል አለኝ። ሌባ ያልኸው አንተ ነህ፤ ያስባልሁት ግን እኔ ነኝ።

ሸራውን ተርትሬ ጨረስሁ። የሳምንቱን ሥራ ለማፍረስ ግማሽ ቀን እንኳ አልፈጀብኝም። ብርማዋን ጨርቅ ከቁልፍ ማስቀመጫ ቆርቆሮዬ ውስጥ አገኘኋት፤ ምንም ነገር መጣል አልወድምና። በፖስታው ውስጥ ያለችው እሷ ናት። ዓመቱም ቁጥሩም ይነበባል፤ ከገዛህበት ወረቀት ጋር አስተያየው።

እኔን ይቅር ለማለት አትቸኩል፤ እኔ እጠብቃለሁ። መጀመሪያ ለሱፍያን ደውልለት። ታላቅ እህትህ ነኝና ይህን ልመናም ትእዛዝም አድርገህ ቁጠረው። ከዐስር ሰላት በኋላ፣ ወደ ማታ፣ ዘወትር ቤት ነው።

ቱሪያን፣ ልጇ አሁን በደንብ ይበላል በልልኝ፤ ደብዳቤውንም አንብብላት፤ የምትቆጣኝ ከሆነ መብቷ ነው። ዊዳድን ሁለቱን ጉንጮቿን ሳምልኝ፤ መስመሯንም አስተካክልላት። ነጋ ሰላም ይልሃል።

ሱፍያን ከእንግዲህ ወንበር አልፈልግም ይላል፤ መኪናዋን ግን በየጠዋቱ ይወለውላታል። ስለዚህ ሜትሬን አውጥቼ እንደገና ለካሁት። ከዳሌ እስከ ዳሌ ሠላሳ ስድስት ሴንቲ ሜትር ነው፤ ከበፊቱ በሁለት ቀንሷል። ሌላ የመረጥህለት እንደሆነ እንዴት እንደሚገጠም በድምፅህ ንገረን። የዚያን ጊዜ እስከ መጨረሻው እሰማሃለሁ።

እህትህ ቀመሪያ
ድሬዳዋ፤ ኅዳር 15 ቀን 2018 ዓ.ም.