አካፋ ይዞ ፈተና ስለገባው ቅሬ

ለተከበሩ የነገረ መለኮት ኮሌጁ የኦንላይን ድኅረ ምረቃ ትምህርት ዲን
አዲስ አበባ

ጉዳዩ፦ ስለተመሠከረብኝ መመሳጠር ምስጋና ማቅረብን ይመለከታል

የተከበሩ ሆይ፦

ከሁሉ አስቀድሜ የእርስዎን፣ የቤተሰብዎንና የዲሲፕሊን ኮሚቴውን አባላት ጤንነት፣ እንዲሁም ባለፈው ቅዳሜ ለአርባ አንድ ደቂቃ ዓይኑን ሳይነቅል ሲመለከተኝ የነበረውን የፈተና ጠባቂ ፕሮግራም ጤንነት በትሕትና እጠይቃለሁ። ፕሮግራሙ ሰው እንዳልሆነ ተነግሮኛል፤ ቢሆንም እዚህ ሀብሩ ወረዳ ውስጥ ያን ያህል ጊዜ ዓይን ለዓይን ከተያዩት ጋር ደህና ሰነበትህ ወይ ሳይባባሉ መለያየት ነውር ስለሆነ ነው። እኛ በመርሳ ደህና ነን። ማለትም ከአንድ ሰው በቀር ደህና ነን፤ ስለ እሳቸው ወደ ታች እመጣበታለሁ።

እኔ በዚህች ከተማ የአንዲት አነስተኛ የወንጌል አማኞች አጥቢያ አገልጋይ ስሆን፣ በኮሌጅዎ የክርስቲያናዊ አገልግሎት የሁለተኛ ዲግሪ ትምህርቴን ከአሥራ ስምንት ኮርሶች አሥራ ሰባቱን አጠናቅቄ፣ በአሥራ ስምንተኛው ዜሮ አግኝቻለሁ። የኮርሱ ስም «የሐዘን ጊዜ አገልግሎት» ይባላል። ኮሚቴው እስከ ነገ ዓርብ ድረስ ጥፋቴን በፊርማዬ ካመንሁ ከዓመት በኋላ እንደገና እንድፈተን፣ ካላመንሁ ግን ከነአሥራ ሰባቱ ኮርሶቼ እንድሰናበት ወስኖልኛል። ዋናው ጽሕፈት ቤታችን ደግሞ ከመጪው ሰኔ ወዲያ ሁለተኛ ዲግሪ የሌለው አገልጋይ አጥቢያ እንዳይመራ አዝዟል። በኢሜይል የላክሁልዎ ሦስት አቤቱታዎች በሙሉ «መልእክትዎ ደርሶናል፣ ስለ ትዕግሥትዎ እናመሰግናለን» የሚል አንድ ዓይነት መልስ ስለተሰጣቸው፣ ትዕግሥቴ ከመመስገን አልፎ ሳያልቅ ይህን ደብዳቤ በአደባባይ ለመጻፍ ተገድጃለሁ። ምስጋናዎቼም የሚከተሉት ናቸው።

አንደኛ፣ ስለ ቦታው አመሰግናለሁ። በማስታወቂያዎ ትምህርቱ «በፈለጉበት ቦታ፣ በሚመችዎ ሰዓት» እንደሚሰጥ አንብቤ ነበር የተመዘገብሁት፤ ሦስት ዓመትም ቃልዎ እውነት ሆኖ አግኝቼዋለሁ። የስብከት አዘገጃጀትን ከመርሳ ወልድያ በሚመላለስ ሚኒባስ የኋላ ወንበር ላይ፣ ጉልበቴ አገጬን እየነካ ተምሬአለሁ። ፈተናው ግን «ጸጥ ያለ፣ በሩ የሚዘጋ፣ ከተፈታኙ በቀር ማንም የሌለበት ክፍል» ፈለገ። የተከበሩ ዲን፣ ቤቴ ከዋናው መንገድ ዳር ነው፤ ከደሴ የሚመጣ የጭነት መኪና ሁሉ ጥሩምባውን የሚሞክረው እኔ ደጅ ሲደርስ ነው። የአምልኮ አዳራሻችን ከእንጨት መሰንጠቂያ ጋር ግድግዳ ይጋራል። ጸጥታ ያለውና በር ያለው ክፍል ብፈልግ ብፈልግ ያገኘሁት የቅሬያችንን ዕቃ ቤት ብቻ ነው፤ የዕቃ ቤቱም ኃላፊ እኔው ነኝ።

ቅሬ ማለት እርስዎ ባሉበት እድር የሚባለው ነው። እኛ ዘንድ ሙስሊሙም ክርስቲያኑም በአንድ መዝገብ ይሰፍርበታል፤ ሰው ሲሞት ድንኳኑን፣ ድስቱን፣ አካፋውንና ቃሬዛውን ይዞ ይወጣል። ፈተናው ከመጀመሩ በፊት ካሜራዬን እያዞርሁ ክፍሉን እንዳሳይ በታዘዝሁ ጊዜ ይህን ሁሉ ዕቃ አሳይቻለሁ። ከእናንተ ዘንድ የነበረው ተቆጣጣሪም «ይህ ሁሉ ድስት ለምንድን ነው?» ብሎ ጽፎልኝ፣ «ለለቅሶ» ብዬ መለስሁለት፤ ጥቂት አስቦ «መጽሐፍ እስካልሆነ ድረስ ይፈቀዳል» አለኝ። ስለዚህ መልካም ፈቃድ ዛሬም አመሰግነዋለሁ። ቃሬዛ ባለበት ክፍል ውስጥ ሰው ድንገት ሊገባ እንደሚችል ለማሰብ ከአዲስ አበባ ራቅ ማለት ያስፈልግ ኖሯል።

ሁለተኛ፣ ስለ ፊቶቹ አመሰግናለሁ። የፕሮግራሙ ዘገባ «አምስት ተጨማሪ ፊቶች፣ ረጅም እጀታ ያለው ያልታወቀ መሣሪያ፣ ሹክሹክታ፣ ከካሜራ ለመሰወር የተደረገ ሙከራ» ይላል። አንዱም ሐሰት የለበትም። ከሳምንት በፊት በቅሬው ስብሰባ ላይ ተነሥቼ ቅዳሜ ከሦስት እስከ አምስት ሰዓት ፈተና እንዳለብኝ፣ በክፍሉም ሌላ ሰው ከታየ እንደምወድቅ ተናግሬ ነበር። የቅሬው ዳኛ አቶ ሚስባህም «እንኳን ሰው ዝንብ አትገባም» ብለው ቃል ገቡልኝ። ቅዳሜ ጠዋት ግን ከሱብሒ ሶላት በኋላ ሰው ሞተ። የሙስሊም ቀብር እንደማይቆይ እርስዎም ሳያውቁት አይቀሩም። እኔ ኔትወርኩን ልሞክር ብዬ ገና በሁለት ሰዓት በሬን ዘግቻለሁ፤ ስልኬም በደንብዎ መሠረት ጠፍቷል። ጥሩምባ ነፊውንም፣ ኋላ እንደሰማሁት፣ ድምፁ ደርሶኝ እንዳልረበሽ ብለው በዕቃ ቤቱ በኩል እንዳያልፍ መንገድ አስቀይረውታል።

ቃሬዛውና አካፋው ግን እኔ ዘንድ ነው። እንግዲህ ምን ያድርጉ? ጫማቸውን ደጅ አውልቀው ገቡ። አቶ ሚስባህ፣ ስድሳ ስምንት ዓመታቸው ነው፣ ከካሜራው በታች ያልፋሉ ተብሎ በጉልበታቸው ዳኹ። ባጃጅ ነጂው ናስር አካፋ ታቅፎ ፊቱን በፎጣ ሸፍኖ በግድግዳው ጥግ ጥግ ሄደ። የቀሩት ሦስቱ ቃሬዛውን አንሥተው ትንፋሻቸውን ዋጥ አድርገው ቆሙ። አንዱ ድስት ረገጠ፤ አምስቱም በአንድነት «እሽሽ!» አሉ፤ ከድስቱ ይልቅ የተሰማው እሽሽታው ነው። የሰውን ፈተና ላለማበላሸት ይህን ያህል የተጠነቀቀ ሰው በሕይወቴ አላየሁም፤ ኮሚቴውም በቪዲዮው ላይ ይህን ያህል ወንጀለኛ የሚመስል ሰው አላየም። ሁላችንም ትክክል ነን።

እኔም በቅንድቤ «ማን ነው?» ብዬ ጠየቅሁ። ናስር መልስ በመስጠት ፈንታ መዳፉን ዘርግቶ «ተቀመጥ፣ ሥራህን ሥራ» የሚል ምልክት አሳየኝ። ኮሚቴው ይህን የተዘረጋ መዳፍ «አምስተኛውን ምርጫ የሚጠቁም» ብሎ ተርጉሞታል። ለትርጉሙ ትጋት ምስጋናዬ ይድረሰው፤ ለጥያቄው የነበሩት ምርጫዎች አራት ብቻ መሆናቸውን ግን በሚቀጥለው ስብሰባ አጀንዳ ቢያስይዙልኝ።

(እዚህ ላይ ለጥቂት ጊዜ ብዕሬን አስቀምጬ ተነሥቼ ነበር፤ ይቅርታ። ከቅዳሜ ወዲህ አንድ ቦታ መቀመጥ አቅቶኛል። ይህን ደብዳቤ መርሳ መናኸሪያ ጀምሬ፣ ሚኒባስ ውስጥ ገፍቼ፣ አሁን ወልድያ ፎቶኮፒ ቤት ደጃፍ ላይ ቆሜ እየጨረስሁት ነው። የፎቶኮፒ ቤቱ ባለቤት ወንበር ሰጥታኝ ሁለቴ ተቀምጬ ሁለቴ ተነሥቻለሁ፤ አሁን እሷም ሰልችቷት ወንበሩን ለሌላ ሰው ሰጥታዋለች።)

ሦስተኛ፣ ስለ ሠላሳ አንደኛው ጥያቄ አመሰግናለሁ። በዚያች ሰዓት ከፊቴ የነበረው ጥያቄ «አገልጋይ በሐዘንተኛ ቤት ሊቆይ የሚገባው ለምን ያህል ጊዜ ነው?» የሚል ነበር። መማሪያ መጽሐፋችን፣ የት አገር እንደተጻፈ ባላውቅም፣ አስቀድሞ በስልክ ቀጠሮ እንድንይዝ፣ ከዚያም ከአሥራ አምስት እስከ ሃያ ደቂቃ ብቻ እንድንቆይ ያስተምራል። ትክክለኛው መልስ «ለ» እንደሆነ አውቄ ነበር፤ ጣቴም «ለ» ላይ ነበረ። ሰዎቹ ቃሬዛውን ይዘው ሲወጡ በሩ ገርበብ ብሎ ቀረ። ከዕቃ ቤቱ ወጥቶ ወደ ቀኝ የታጠፈ ወደ ገበያው፣ ወደ ግራ የታጠፈ ወደ ወፍጮ ቤቱ ይሄዳል። ወደ ግራ ታጠፉ።

ወፍጮ ቤቱ የጋሽ ኡበይደላ ነው። መብራት በጠፋ ቁጥር ላፕቶፔን ከወፍጮው ጄኔሬተር ላይ ሰክተው፣ ዱቄት እንዳይገባበት በጋቢያቸው ሸፍነው ሲጠብቁልኝ የነበሩት እሳቸው ናቸው። ስለ ሥላሴ የጻፍሁት፣ ኮሌጅዎም «እጅግ በጣም ጥሩ» ያለው ሃያ ገጽ፣ የተጻፈው በእሳቸው መብራት ነው። «እኔ መብራቱን እሰጥሃለሁ፤ ጽሑፉን አንተና ጌታህ ተነጋገሩበት» እያሉ ያሾፉብኝ ነበር። ናስር ማን እንደሞተ ያልነገረኝ፣ አቶ ሚስባህም ሲወጡ ዓይኔን ማየት ያልፈለጉት ስለዚህ ነው። ፈተናዬን ጨርሼ እንድሰማው ፈልገው ነበር። ዘገባው በመጨረሻው መሥመር «ተፈታኙ በ41ኛው ደቂቃ ከመቀመጫው ተነሣ፤ አልተመለሰም» ይላል። ይህም ሐሰት የለበትም። የቀረኝን አንድ ሰዓት ከሃያ ያህል ደቂቃ መቃብር ስቆፍር አሳለፍሁት።

አራተኛና ዋናው፣ ስለ ቅጹ አመሰግናለሁ። የላኩልኝ የእምነት ቃል ቅጽ «ከሌሎች ሰዎች ጋር ተመሳጥሬ እርዳታ ማግኘቴን አምናለሁ» ይልና፣ ከሥሩ የተባባሪዎቼን ሙሉ ስምና ስልክ ቁጥር የምሞላባቸው አምስት መሥመሮች አሉት። አምስት መሆናቸው ከፊቶቹ ቁጥር ጋር ልክ መግጠሙን ሳላደንቅ አላልፍም። እውነቱን ልናገር፣ ማክሰኞ ዕለት ልፈርም ነበር። አንድ ዓመት ምን አላት? ምእመናኔም እንዳልሄድባቸው «ፈርም እንጂ! ወረቀት ነው!» እያሉኝ ነው። አቶ ሚስባህን ለማማከር ብሄድ ጉዳዩን ሰምተው ሳይጨርሱ «ስሜን ጻፍ። ከነአያቴ ጻፈው። ስልኬም ይኸው፤ ቢደውሉልኝ አማርኛ አላጣም» አሉኝ። ናስር ደግሞ «እኔን ከላይ አድርገኝ ጋሼ፣ አካፋ የያዝሁት እኔ ነኝ» ብሎ ተሟገተ። ሊጠየቁበት ለሚችሉት ጥፋት ሰዎች እንዲህ ሲሽቀዳደሙ ካየሁ በኋላ እጄ ብዕር ማንሣት አልሆነለትም። ለቀብር የወጣን ሰው «ተባባሪ» ብዬ ከጻፍሁ፣ በሚቀጥለው ሞት ከየትኛው ወገን ጋር ቆሜ አካፋ ልቀበል ነው?

ስለዚህ ቅጹን ሳልፈርም መልሼልዎታለሁ። አምስቱም መሥመሮች ባዶ ናቸው። በነገው ዕለት ተሰናባች መሆኔን ተረድቻለሁ፤ የሰኔውም ትእዛዝ አጥቢያዬን እንደሚወስድብኝ አውቃለሁ። ይህን የምጽፈው ደፍሬ አይደለም፤ እንደነገርሁዎ ወንበር ላይ እንኳ መቀመጥ አልቻልሁም።

ሆኖም ኮሚቴው ባዶ እጁን እንዳይቀር፣ ፕሮግራሙ ያላየውን አንድ ጥፋቴን በፈቃዴ አስመዘግባለሁ። በለቅሶው በሦስተኛው ቀን የጋሽ ኡበይደላ ባለቤት እትዬ ሲቲ ከሴቶቹ መካከል ጠርተውኝ፣ ዓይናቸው እንዳበጠ፣ «አንተ አበባው፣ ፈተናው እንዴት ሆነ? እስክትጨርስ ሳይነግሩህ ቢቆዩ ብዬ ነበር እኮ። እሱ እኮ ሁልጊዜ ጎበዝ ነው ይልህ ነበር» አሉኝ። እኔም «ደህና ነው እትዬ፣ አልፌያለሁ» አልኋቸው። በሦስት ዓመት ትምህርቴ ያጭበረበርሁት ይህን አንዱን መልስ ነው። ማንም በጣት አልጠቆመኝም። ለሠላሳ አንደኛው ጥያቄ ደግሞ መልሴ ሦስት ቀን ነው፤ ከተሰጡት ምርጫዎች ውስጥ አላገኘሁትም።

ለኮሌጁ የተመዝጋቢ ብዛት፣ ለፕሮግራሙ የዓይን ብርሃን፣ ለእርስዎም በሰው እጅ የተጻፈ ደብዳቤ የሚያነቡበት ትርፍ ጊዜ እየተመኘሁ፣ ከታላቅ አክብሮትና በደንቡ ከተፈቀደው በላይ ከሆነ ሐዘን ጋር፣

አበባው ሙላቱ
የአሥራ ሰባት ኮርስ ምሩቅ፣ የቅሬው ዕቃ ቤት ኃላፊ
መርሳ፣ ሀብሩ ወረዳ

ድኅረ ጽሑፍ፦ ቅሬው ትናንት ባደረገው ስብሰባ፣ ኮሌጁ ምሕረት አድርጎ ድጋሚ ፈተና ቢፈቅድልኝ፣ በዚያ ቀን ከሦስት እስከ አምስት ሰዓት ድረስ ማንም አባል እንዳይሞት በሙሉ ድምፅ ወስኗል። ዕድሜያቸው ከሰባ በላይ የሆነ አሥራ አንድ አባላት ግን ቃላቸውን የሰጡት «ኢንሻአላህ» እና «እግዜር ካለ» በሚል ስለሆነ፣ ኮሚቴው ይህን እንደ በቂ ዋስትና ይቀበለው እንደሆነ፣ ወይም እነሱም ቅጽ ይሞሉ እንደሆነ፣ እስከ ነገ እንዲያሳውቁን በአክብሮት እንጠይቃለን።